ያበጠው ክንድ የያዘው ውሃ ነው ወይስ ስብ?

ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን ወደ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል መጡ እንበል። ሁለቱም የጡት ካንሰር ታክመዋል፤ የሁለቱም ቀኝ ክንድ ከግራው በ600 ሚሊ ሊትር ይበልጣል። ካርዳቸው ላይ የሚሰፍረው ቁጥር አንድ ነው፤ የሚታዘዝላቸውም ያው ነው፦ ፋሻ፣ የቆዳ ማሸት፣ ጠበቅ ያለ የላስቲክ እጅጌ። የመጀመሪያዋ ክንድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎደለ። የሁለተኛዋ ወራት ቢቆጠሩም ንቅንቅ አላለም። ባለሙያዋ ካርዱን አገላብጣ «እህቴ፣ እጅጌውን በትክክል እያደረግሽው ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ታማሚዋ ታደርገዋለች፤ በሙቀትም፣ በእንቅልፍም፣ ልጆቿ እያዩዋትም ታደርገዋለች። ክንዱ ግን አልጎደለም፤ ጥፋቱም ቀስ እያለ ወደ እርሷ ይዞራል።

የሁለቱ ሴቶች ልዩነት ያለው ከቆዳ በታች ነው። የመጀመሪያዋ ክንድ ትርፍ በአብዛኛው ፈሳሽ ሲሆን የሁለተኛዋ በአብዛኛው ስብ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት መውጫ ይፈልጋል፤ ስብ ግን በፋሻ ብዛት ከቦታው አይነሳም። ሜትር ይህን አይለይም። ሜትር የሚነግረን ክንዱ ምን ያህል እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ምን እንደ ያዘ አይነግረንም። የሕክምናው ዓለም ለብዙ ዘመን መጠንን ብቻ ሲለካ የኖረው መጠን ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ሜትር ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ነው።

በሽታው ሊምፌዴማ ይባላል። ከቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽና ፕሮቲን በየጊዜው ወደ ሥጋው ይወጣል፤ ይህን ለቅመው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። ከክንድ የሚነሳው መንገድ በብብት ውስጥ ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች በኩል ያልፋል። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚደርሰው እነዚሁ ዕጢዎች ጋር ስለሆነ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣቸዋል፤ ጨረርም ሲጨመር የተረፉት ቧንቧዎች ይጠባሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በላንሴት ኦንኮሎጂ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 72 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ ከጡት ካንሰር ከተረፉ ሴቶች ውስጥ ከአምስት አንዷ ገደማ የክንድ ሊምፌዴማ እንደሚያጋጥማት አስልቷል። የብብት ዕጢዎቻቸው በሙሉ በወጡላቸው ላይ 19.9 በመቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዕጢዎች ብቻ ተለይተው በተመረመሩላቸው ላይ ደግሞ 5.6 በመቶ ነበር። ትንታኔው ራሱ እንዳሳየው ቁጥሩ እንደ መለኪያው ዓይነትም ይለያያል። በሽታው የሚገኘው በሚፈለግበት መሣሪያ ልክ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚጠራቀመው በእርግጥ ፈሳሽ ነው። ክንዱ ሲውል ያብጣል፤ ሌሊት ከፍ አድርጎ ሲተኙ ይቀንሳል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ይሁን እንጂ ሥጋው ውስጥ የቆመ ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ ሥር የሰደደ የሥጋ ቁጣ (ብግነት) ይነሳል፤ ጠባሳ የሚሠሩ ክሮች ይሸመናሉ፤ የስብ ሕዋሳትም ያድጋሉ፣ ይበዛሉ። ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል በአይጦች ላይ የተደረጉ ተከታታይ ሥራዎች ሲዲ-4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በዚህ ሂደት ዋና ተዋንያን መሆናቸውን አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በሜምፊስ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳትመው ነበር። ለሊምፍ ቧንቧ አፈጣጠር የሚያስፈልገው ፕሮክስ-1 የተባለ ዘረመል አንዱ ቅጂ የጎደላቸው አይጦች ቧንቧዎቻቸው ያፈስሳሉ፤ ሲያድጉም ይወፍራሉ። የፈሰሰ ሊምፍ ስብን ይመግባል ማለት ነው።

እንግዲህ ያበጠ ክንድ በዓመታት ውስጥ ይዘቱን ይለውጣል። የዓለም አቀፉ የሊምፍ ጥናት ማኅበር በሽታውን ከዜሮ እስከ ሦስት በደረጃ የከፈለው ይህንኑ ጉዞ ለመከተል ነው፤ ዜሮ ላይ ችግሩ አለ፣ እብጠቱ ግን ለዓይን አይታይም፤ አንድ ላይ ክንዱን ከፍ ሲያደርጉት ይቀንሳል፤ ሁለት ላይ አይቀንስም፤ ሦስት ላይ ቆዳው ራሱ ወፍሮና ጠንክሮ ይገኛል። በደረጃ ሁለት ውስጥ መጀመሪያ ሲጫኑት የሚሰረጉደው ክንድ ኋላ ላይ መሰረጎዱን ይተዋል። መጠኑ በዚህ ጊዜ ሁሉ ብዙም ላይለወጥ ይችላል።

ሜትሩን ግን አላቃልለውም። በአግባቡ ሲያዝ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከእጅ አንጓ ጀምሮ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ዙሪያው ይለካል፤ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ቁራጭ ጫፉ እንደ ተቆረጠ ሾጣጣ ይቆጠራል፤ የየቁራጩ ይዘት ይደመራል። ክንዱን ውሃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ የፈሰሰውን ውሃ መስፈርም ይቻላል፤ ዘዴው ከአርኪሜድስ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ቁስል ላለበት ክንድ ግን አይሆንም። ክንድ የሚገባበት፣ በኢንፍራሬድ ጨረር ቅርጹን የሚያነብ ፍሬም ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ያስላል፤ ዋጋው ውድ ነው። ሦስቱም የሚሰጡት አንድ ነገር ነው፦ ሚሊ ሊትር።

የሚሊ ሊትር ችግር ስም የለሽ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ቀኝ እጇን የምትጠቀም ከሆነ ቀኝ ክንዷ ካንሰርም ሳይነካት ከግራው ትንሽ ይበልጣል። በሕክምናው ወቅት ክብደት ከጨመረች ሁለቱም ክንዶች ይወፍራሉ። የቦስተኑ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ቡድን ለዚህ ሲል ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረውን ልኬትና የጤነኛውን ክንድ ለውጥ አንድ ላይ የሚያስገባ ቀመር ሠርቷል፤ በዚህ ስሌት 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ጭማሪ ሊምፌዴማ ይባላል። ቀመሩ የሚሠራው ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት የተለካ ሰው ካለ ነው። ካልተለካች፣ ታመመ የተባለው ክንድ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ማንም አያውቅም።

ጡንቻም አለ። ለብዙ ዓመታት የጡት ካንሰር የታከመች ሴት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ትመከር ነበር፤ ዛሬም ብዙ ቦታ ትመከራለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣው የእነ ካትሪን ሽሚትዝ ጥናት ሊምፌዴማ ያለባቸውን 141 ሴቶች በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ለአንድ ዓመት ክብደት አስነሳ። በ5 በመቶና ከዚያ በላይ ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች ብዛት በሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ነበር፣ 11 እና 12 በመቶ። የበሽታው ማገርሸት ግን ክብደት ባነሱት ላይ 14 በመቶ ሲሆን ባላነሱት ላይ 29 በመቶ ሆነ። እዚህ ላይ የሚቆረቁር ጥያቄ አለ። ክብደት ያነሳች ሴት ክንዷ ጡንቻ አውጥቶ ቢተልቅስ? ሚሊ ሊትር የሚቆጥር መለኪያ ይህንን ብርታት እንደ በሽታ ይመዘግበዋል።

ነገሩን ከሥሩ የለወጡት በደቡብ ስዊድን፣ በማልሞ ከተማ የሚሠሩት ቀዶ ሐኪም ሆካን ብሮርሶን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ፋሻና እጅጌ ያልመለሱትን ክንዶች ስቡን በቀጭን ቱቦ በመምጠጥ ማከም ያዙ። ያኔ የብዙዎቹ ባለሙያዎች እምነት ሊምፌዴማ ማለት ውሃ ነው የሚል ስለነበር ሐሳቡ ከመልክ ማሳመሪያ ቀዶ ጥገና የተዋሰ ድፍረት መስሎ ነበር። ብሮርሶን ግን የመጠጡትን ለኩ። ደም እንዳይቀላቀል ክንዱ ላይ ማሰሪያ ተደርጎ ከ44 ሴቶች የወጣው ሲመረመር በአማካይ 90 በመቶው ስብ ሆነ፤ ዝቅተኛው 58፣ ከፍተኛው 100 በመቶ።

ቀጥለው ክርክሩን ከማስረጃ ጋር ለማሰር ወደ ምስል ዞሩ። በ11 ታማሚዎች ላይ በሲቲ ስካን የተሠራው ልኬት ያበጠው ክንድ ከጤነኛው በ81 በመቶ የበለጠ ስብ እንደነበረው አሳየ፤ ከቀዶ ጥገናው ሦስት ወር በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። በ18 ሴቶች ላይ በዴክሳ፣ ማለትም ለአጥንት መሳሳት ምርመራ በሚያገለግለው ባለ ሁለት ጉልበት ኤክስሬይ፣ የተደረገውም የስብ ብልጫውን አጸና፤ ጡንቻና አጥንትም በታመመው በኩል በዝተው ተገኙ። ለዓመታት ከባድ ክንድ ተሸክሞ መኖር እንደ ክብደት ማንሳት ሳይሆን አይቀርም። በኋላ በ105 ሴቶች ላይ ለአምስት ዓመት የተደረገ ክትትል ያበጠው ክንድ ከጤነኛው እኩል፣ እንዲያውም ትንሽ አንሶ እንደቆየና እብጠቱ እንዳልተመለሰ መዝግቧል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ታማሚዋ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የላስቲክ እጅጌዋን ሌትና ቀን፣ ዕድሜ ልኳን ታደርጋለች። ቧንቧው አልተጠገነማ፤ የወጣው የተጠራቀመው ስብ ብቻ ነው።

ወደ ማልሞው ቀዶ ጥገና የሚያስገባው በር ላይ የቆመው መለኪያ ምን ይመስላችኋል? አውራ ጣት። ሐኪሙ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል አጥብቆ ይጫናል፤ ስርጉዱ ክንድ ላይ ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ገና ፈሳሽ አለ ማለት ነውና ታማሚዋ ወደ ፋሻው ትመለሳለች። ስርጉዱ ከዚያ ካነሰና ክንዱ አሁንም ትልቅ ከሆነ የቀረው ስብ ነው። በሚሊዮን የሚገመት ዋጋ ያላቸው ማሽኖች ያረጋገጡት ይህንኑ ነው።

ማሽኖቹ ግን የየራሳቸው ዓይን አላቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያዩትንና የማያዩትን ለይቶ ያላወቀ ሰው ከሜትሩም የባሰ ይሳሳታል።

በዛሬው ክርክር መሃል ያለው ባዮኢምፒዳንስ የሚባለው ነው። በክንዱ ውስጥ የማይሰማ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይላካል። ጅረቱ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሲሄድ የሕዋስን ግድግዳ ስለማያልፍ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ብቻ ይጓዛል፤ ድግግሞሹ ከፍ ሲል ወደ ሕዋሱም ይገባል። ከ3 እስከ 1,000 ኪሎ ኸርዝ ባሉ ድግግሞሾች የተገኘው መቋቋም ተሰልቶ በሕዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ ብቻውን ምን ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ ከዚያ የታመመው ክንድ ከጤነኛው ጋር፣ የሚጠቀሙበት እጅ የትኛው እንደሆነ ታስቦ ይነጻጸራል። ኢምፔዲሜድ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ውጤቱን ኤል-ዴክስ በሚባል ነጥብ ይሰጣል። ከመነሻው ልኬት በ6.5 ነጥብ ከጨመረ ማንቂያ ነው።

በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሺላ ሪድነር የመሩት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት በዚህ መሣሪያ የሚከታተሉትንና በሜትር የሚከታተሉትን ሴቶች አወዳደረ። መለኪያው ማንቂያ ሲሰጥ ሴትዮዋ ለ28 ቀናት፣ በቀን 12 ሰዓት እጅጌ ታደርጋለች። በሜትሩ በኩል ማንቂያ የተሰጣቸው 27.5 በመቶ፣ በመሣሪያው በኩል 20.1 በመቶ ነበሩ። ማንቂያ ከተሰጣቸው ውስጥ እጅጌው ሳይበግረው ወደ ዘላቂ ሊምፌዴማ የተሻገሩት ግን በሜትሩ በኩል 19.2፣ በመሣሪያው በኩል 7.9 በመቶ ሆኑ። ሜትሩ አብዝቶ ጮኸ፤ ሲጮህም ለብዙዎቹ ዘግይቶ ወይም ያለ ቦታው ነበር። ይህ ለእኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ ሜትር የወፈረችውንም፣ የጠነከረችውንም፣ ያበጠችውንም በአንድ ይቆጥራል፤ ጅረቱ ግን ፈሳሹን ለይቶ ይነካል። አምራቹ ኩባንያ ለጥናቱ ድጋፍ ማድረጉን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ውጤቱን አያፈርሰውም፣ አንባቢን ግን ያነቃል።

ይኸው መሣሪያ በቆየ በሽታ ላይ ሲያሳስት ይገኛል። ክንዱ ወደ ስብና ጠባሳ ሲለወጥ በሕዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ ድርሻ ይቀንሳል፤ ነጥቡም ሊወርድ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የተሻሻለ ይመስላል፤ የሸሚዙ እጅጌ ግን አሁንም አይገባም። ዘላቂ ሕመም ያላትን ሴት በዚህ ነጥብ ብቻ «ድነሻል» ማለት ስድብ ነው።

ዴክሳ ደግሞ በተቃራኒው ይሸውዳል። ሰውነትን በሦስት ይከፍላል፦ ስብ፣ አጥንትና «ስብ ያልሆነ ለስላሳ አካል»። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ጡንቻ ብሎ ያነበዋል። ውሃም እዚያው ውስጥ መሆኑን ይረሳል። ስለዚህ ፈሳሽ ያጠራቀመ ክንድ በዴክሳ ወረቀት ላይ ጡንቻው የዳበረ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ፋሻ ታስሮ ፈሳሹ ሲወጣ ደግሞ «ጡንቻ ቀነሰ» ይላል። የስቡን ቁጥር ግን በደንብ ይሰጣል፤ ጨረሩም እጅግ አነስተኛ ነው። ዴክሳና ባዮኢምፒዳንስ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ዕውርነት ይሸፍናል። ተመራማሪዎች ሕክምና ሲጀመርና ከወራት በኋላ ሁለቱንም ወስደው ክንዱ ያጣው ውሃ ይሁን ስብ፣ ያገኘው ጡንቻ ይሁን እብጠት ለመለየት የሚሞክሩት ለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ «የክንዱ ይዘት ተሻሻለ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው በምን እንደተለካ ነው።

በፊንላንድ የሚሠራ አንድ መሣሪያ በ300 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ የቆዳን ውሃ ይለካል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚጠልቀው፤ ለጀማሪ እብጠትና ባዮኢምፒዳንስ ለማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ለጡቱ ራሱ፣ ጥሩ ነው።

ኤምአርአይ የሁሉም ዳኛ ነው። ከውሃና ከስብ የሚመጣውን የሃይድሮጅን ምልክት በትንሽ የድግግሞሽ ልዩነት ስለሚለይ ዲክሰን በሚባለው ዘዴ ክንዱን ቁራጭ በቁራጭ «ይህ ውሃ፣ ይህ ስብ» እያለ ይሥላል። ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ የጠባሳ ክሮችን ምልክት ጭምር ለመያዝ ሞክረዋል። በሲድኒ የሚገኘው ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ስብ በመምጠጥ የሚታከሙትን ታማሚዎች በኤምአርአይ ይመርጣል፤ መርሐ ግብሩን የጀመረውም ከማልሞ ተምሮ ነው። ዳኛው ግን በየሦስት ወሩ የሚጠራ አይደለም። ወጪው፣ ወረፋው፣ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ያበጠ ክንድ ይዞ መተኛቱ፣ ሁሉም ይከብዳል።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው አልትራሳውንድ ይመስለኛል። ጡትንና እንቅርትን ለማየት የሚያገለግለው ጠፍጣፋ መመርመሪያ ቆዳው ምን ያህል እንደወፈረ፣ ከሥሩ ያለው የስብ ንጣፍ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያሳያል። በስብ ጉብታዎች መካከል ፈሳሽ ካለ ጥቁር ስንጥቅ ሆኖ ይታያል፤ ምስሉ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ይመስላል። ንጣፉ ወፍሮ ጥቁሩ ስንጥቅ ከሌለ ስብ በዝቷል ማለት ነው። የመርማሪው እጅ ጫና ውጤቱን ስለሚለውጥ በተመሳሳይ ነጥብ፣ ጄሉን አብዝቶ፣ ሳይጫኑ መለካትን ይጠይቃል፤ ይህ ግን የሥልጠና ጉዳይ እንጂ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ ቀዳሚው ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ዘግይቶ የመጣ ካንሰር ሙሉ ጡትንና የብብት ዕጢዎችን ያስወጣል፤ በትንታኔው የታየው የ19.9 በመቶው ጎራ ውስጥ የሚያስገባው ይህ ነው። የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ አሁን ወደ ክልል ከተሞች እየወጣ ነው፤ ደግ ነገር ነው፤ የሚተርፉ ሴቶች ይበዛሉ፤ ያበጠ ክንድ ይዘው የሚኖሩም ይበዛሉ። ይህች ሴት ደግሞ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ሥራ ቀንሺ የሚለውን ምክር ብትሰማው እንኳን የምትፈጽምበት ቤት የላትም።

በእግር እብጠት ግን የሀገራችን ልምድ ትንሽ አይደለም። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የሚመደብበት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ተፈትኖ የተሠራው እዚሁ ነው፤ ዓይን፣ እጅና ሜትር ይበቁታል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ጥናት መታጠብን፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስን፣ ፋሻን፣ እንቅስቃሴንና ጫማን ያካተተ ቀላል እንክብካቤ ትኩሳትና ቁጣ የሚያመጣውን የእግር ሕመም በአንድ ሰው በዓመት ከ24 ጊዜ ገደማ ወደ 19 እንዳወረደው አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ዋና መለኪያ ያደረጉት የእግሩን ውፍረት አልነበረም፤ ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥለው ያ ሕመም ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ነበር። ብልህ ምርጫ ነው። የክንድ ሊምፌዴማ ላለባትም ሴት እንደዚሁ የሚመጣ የቆዳ ቁጣ አለ፤ ክንዱ በ50 ሚሊ ሊትር ከመቀነሱ ይልቅ ያ ቁጣ መቆሙ የሚበልጥባት ብዙ ናት።

እንግዲህ ኤምአርአይ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። የካንሰር ቀዶ ጥገና የሚሠራ ክፍል ሁሉ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለቱንም ክንዶች በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ለክቶ፣ የምትጠቀምበትን እጅና ክብደቷን ጨምሮ ካርዷ ላይ ቢያሰፍር የቦስተኑ ቀመር ይሠራል። በየክትትሉ አውራ ጣትን ለአንድ ደቂቃ ጭኖ የስርጉዱን ጥልቀት በሚሊ ሜትር መጻፍ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ስርጉዱ እያለ ክንዱ ከተለቀ ፋሻና እጅጌ ገና ሥራ አላቸው። ስርጉዱ ጠፍቶ ክንዱ እንደተለቀ ከቀረ ሴትዮዋን መውቀስ ይቁም፤ የስቡን ንጣፍ በአልትራሳውንድ ይዩ። ሁለቱም ክንዶች እኩል ከወፈሩ ጉዳዩ ክብደት ነው፤ እርሱም ራሱ ሊምፌዴማን የሚያባብስ ነውና ለብቻው ምክር ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ከባድ ነው። ስብ መሆኑ ቢረጋገጥም ማልሞ የሠራችው ቀዶ ጥገና በዕድሜ ልክ እጅጌ ላይ የቆመ ነው። እጅጌው በልክ የሚሠራ ነው፤ ላስቲኩ ስለሚላላ በዓመት ደጋግሞ ይታደሳል፤ ከውጭ የሚመጣ ነው። አንድ እጅጌ በመከራ የምታገኝ ሴት ስቧ ቢመጠጥላትና ከወራት በኋላ እጅጌው ቢላላባት ክንዷ ተመልሶ ያብጣል። ስለዚህ እዚህ ሀገር ይህን ቀዶ ጥገና ልጀምር የሚል ሐኪም ከቱቦው በፊት የሚያስፈልገው እጅጌ የሚሰፋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የሚከፍል የጤና መድን ነው።